የቬትናሙ ጋም አንድ ጨዋታ ያሸንፋል፤ አምስቱንስ?

2017 ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብራዚል ውስጥ በተካሄደው የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ውድድር፣ ከቬትናም ሆ ቺ ሚን ከተማ የመጣ ቡድን የአሜሪካውን ቲ.ኤስ.ኤም 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። አንድ ብቻ ቀርቶታል። ቀጣዮቹን ሦስቱንም ተሸነፈ።

ቡድኑ ያኔ ጊጋባይት ማሪንስ ይባላል። ጊጋባይት ስፖንሰር ያደረገው የታይዋን የኮምፒውተር ዕቃ አምራች ነው። ዛሬ ቡድኑን የምናውቀው ጋም ኢስፖርትስ በሚለው ስም ነው። ስለ ጋም ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ትልልቆቹን ማስደንገጡ ነው። የሆነ ዓመት የሆነ ታዋቂ ቡድን ይጥላል፣ ኢንተርኔቱ ለአንድ ቀን ይጮሃል፣ ከዚያ ይረሳል። እኔ ግን ጋም «ድንገተኛ ቡድን» መባሉ አይዋጥልኝም። ከ2 ለ 0 በኋላ ምን ሆነ? ለምንስ ይደጋገማል? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ፦ አምስት ለአምስት ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይመርጣል፤ ግቡ የተቃራኒውን ዋና ሰፈር ማፍረስ ነው። ሜዳው ላይ ሦስት መንገዶች አሉ፣ በመካከላቸው ጫካ አለ። ጫካውን የሚይዘው ጀንግለር ይባላል። ከየት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው። በ2017ቱ ቡድን ጀንግለሩ ሌቪ ነበር፣ ትክክለኛ ስሙ ዶ ዱይ ካን። የዚህ ቡድን ታሪክ ግማሹ የእሱ ታሪክ ነው።

በቲ.ኤስ.ኤም ከተሸነፉ በኋላ ማሪንሶች የቱርኩን ሱፐርማሲቭ ጥለው ወደ ዋናው ዙር ገቡ። ውጤቱ ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ትልቅ ነገር አመጣ፤ የክልሉ ቻምፒዮን በዚያው ዓመት ቻይና ለተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ያለ ማጣሪያ ምድብ ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ። ከቬትናም ወደ ዓለም ሻምፒዮና የሄደ ቡድን ከ2012ቱ ሳይጎን ጆከርስ በኋላ አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው።

ቻይና፣ ዉሃን። ተጋጣሚው የአውሮፓው ፍናቲክ ነው። ማሪንሶች ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ተጫዋቾቻቸውን ከተለመደው ቦታቸው ቀያየሩ። ይህ ዘዴ ድሮ የተለመደ ነበር፤ የጨዋታው ባለቤት ራየት 2016 ላይ ሕጉን ሲቀይረው ግን ቡድኖች ትተውት ነበር። እነሱ መልሰው አመጡት፤ ዓላማው ሌቪ ቶሎ እንዲጎለብት ነው። ሌቪ የመረጠው ኖክተርንን ነው። ኖክተርን ስድስተኛ ደረጃ ሲደርስ የተቃራኒውን ቡድን እይታ ያጨልማል፣ ከዚያ ከሩቅ ሆኖ ይዘላል። ፍናቲኮች መብራት የጠፋባቸው ያህል ተደናበሩ። ጨዋታው በጊዜ አለቀ።

ይሄ እንዴት ዕድል ይባላል? ሆን ተብሎ የተሠራ፣ ሲለማመዱት የከረሙት ዕቅድ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዕቅዱን አንዴ ካሳየህ በኋላ ተጋጣሚህ ቪዲዮውን ቁጭ ብሎ ያየዋል። በምድቡ ማሪንስ፣ ፍናቲክና የአሜሪካው ኢሞርታልስ እኩል 2 አሸንፈው 4 ተሸነፉ። በመለያ ጨዋታ ያለፈው ግን ያው የተደናበረው ፍናቲክ ነው።

የኮሪያና የቻይና ቡድኖች በየሳምንቱ ከጠንካራ ቡድን ጋር ይፋለማሉ፤ ሁለተኛው ዕቅድ ካልሠራ ሦስተኛና አራተኛ አላቸው። ጋም ግን አገር ውስጥ በአብዛኛው አንደኛው ዕቅድ ይበቃው ነበር። በችሎታ አያንስም፤ ያነሰው የሚፈትነው ተጋጣሚ ነው።

ሌቪ ራሱ መፍትሔ ፍለጋ ወጣ። አሜሪካ ሄዶ ሃንድረድ ቲቭስ ገባ፣ ግን በታዳጊ ቡድኑ ነው የተጫወተው። ከዚያ ቻይና፣ ጄ.ዲ ጌሚንግ። 2019 ላይ ወደ ጋም ተመለሰ። ሰው «አልተሳካለትም» ይላል። እኔ አልልም፤ ከተመለሰ በኋላ ቡድኑን ደጋግሞ ቻምፒዮን ያደረገው ማን ሆነና?

ልምድ መቅሰም ሲጀምሩ ደግሞ ኮሮና መጣ። 2020 ሻንጋይ ለተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጋም አልፎ ነበር፤ በጉዞ ክልከላ ቀረ። በ2021ም አይስላንድ ላይ ሁለት ትልልቅ ውድድሮች ሲካሄዱ ቬትናም አልነበረችም። ለአንድ ተጫዋች ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አስቡት። በዚህ ሙያ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው «ሽማግሌ» ነው።

2022 ላይ ድንበሩ ሲከፈት በዓመቱ አጋማሽ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ ውድድር (2017 ላይ ብራዚል የተካሄደው ያው ነው) ኮሪያ ቡሳን ላይ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ደግሞ ሃኖይ ላይ በአንድ ወር ገጠሙ። ጋም አገሩን ወክሎ ሃኖይ ቀረ፣ ወርቅ ወሰደ። ኮሪያ የሄደው ሁለተኛ የወጣው ሳይጎን ቡፋሎ ነው። እሱም ከምድቡ አልፎ አኮራ። ውሳኔውን የሚወቅሱ አሉ። እኔ ለሜዳሊያው ክብር አለኝ፤ ግን ከሁለት ዓመት መዘጋት በኋላ ከኮሪያና ከቻይና ቡድኖች ጋር የሚገኙትን ጨዋታዎች መተው ከባድ ዋጋ ነው። በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮናው ኒው ዮርክ ላይ ጋም ከዋንጫው ዕጩዎች አንዱ የነበረውን የቻይናውን ቶፕ ኢስፖርትስ ጣለ። ቶፕ ኢስፖርትስ በዚያ ሳቢያ ከምድቡ ሳያልፍ ወደቀ። ጋም ራሱስ? 1 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ያው የ2017 ታሪክ ነው።

2024 ደግሞ የቬትናም ሊግ ራሱ ታመመ። ጨዋታ ይሸጣል ተብሎ ውድድሩ መሀል ላይ ተቋረጠ፤ ከ30 በላይ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ታገዱ። ትንሽ ሊግ፣ ትንሽ ደሞዝ፣ ትልቅ የውርርድ ገበያ፤ ይሄ ነገር ባይፈነዳ ነበር የሚገርመኝ።

ከ2025 ጀምሮ የቬትናም፣ የጃፓን፣ የታይዋንና የአካባቢው ቡድኖች ታይፔ ላይ በሚጫወቱበት አዲስ የፓስፊክ ሊግ ተዋህደዋል። ጋም ከስምንቱ አንዱ ሆነ፣ በዚያው ዓመት ከሊጉ አልፎ ለዓመቱ አጋማሽ ውድድር ካናዳ ቫንኩቨር ሄደ። ብዙ የቬትናም ደጋፊ ቅር ብሎታል። ቡድናቸው ርቆ ሄደ፣ የቀድሞው ሊግ ወደ ታች ወረደ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ከጋም ጎን ሆኜ ሳየው ደስ ይለኛል። አሁን ተጋጣሚዎቹ ሁለተኛውን ዕቅድ እንዲያወጣ ያስገድዱታል። ለውጡ ግን በአንድ ዓመት አይታይም። ይልቅ የሚያሳስበኝ አገር ቤት የቀረው ሊግ ነው፤ ቀጣዩ ሌቪ የሚወጣው ከዚያ ነውና፣ ደሞዙ ካልተስተካከለ ታይፔ ሳይደርስ ጨዋታ ገዢዎቹ ያገኙታል።