ለእድር ያለው ደንብ ለሩት ሰርቨር ለምን ጠፋ?

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት ቤት ተራ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ አጭር ትእዛዝ ጻፈና የ13 ሰርቨሮች ስም ከ«ኤ» እስከ «ኤም» ተደርድሮ ወረደ። «የኢንተርኔት አድራሻ ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። «ጠባቂያቸውስ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

ነጥብ ኢቲ ብሎ የሚያበቃ አድራሻ ስንጽፍ፣ የአገልግሎት ሰጪው ኮምፒውተር መልሱን ቀድሞ ካልያዘው፣ ነጥብ ኢቲን የሚያውቀው ማን እንደሆነ የሚጠይቀው እነዚህን ሩት (ሥር) የሚባሉ ሰርቨሮች ነው። ስሞቹ 13 ይሁኑ እንጂ ቅጂዎቻቸው በዓለም ዙሪያ ከሺህ በላይ ስለሆኑ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይመልሳል። (እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) ስለዚህ የሚያሳስበኝ ጥንካሬያቸው ሳይሆን አስተዳደራቸው ነው።

የሚያንቀሳቅሷቸው 12 ተቋማት ናቸው፤ ቬሪሳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሰርቨሮቹ ሁለቱን ይዟል። ናሳ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካ ጦር የምርምር ላቦራቶሪ ከመካከላቸው ሲገኙ፣ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት የስዊድን፣ የኔዘርላንድስና የጃፓን ሦስት ድርጅቶች ብቻ ናቸው። የኢንተርኔት ስሞችንና ቁጥሮችን ለማስተባበር በ1998 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው አይካን በተባለ ድርጅት ሥር የሩት ሰርቨር ሥርዓት አማካሪ ኮሚቴ አለ፤ ሥራው ግን እንደ ስሙ ለአይካን ቦርድና ለማኅበረሰቡ ምክር መስጠት ነው። አያዝም፣ አይቀጣም።

በምክርነቱ ቅር አልሰኝም። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚያስታርቀው ወህኒ ቤት ስላለው አይደለም፤ 12ቱም በአንድ ሰው ትእዛዝ የማይዞሩ መሆናቸውም ለእንደ እኛ ላለ ሀገር መከታ ነው። ይሁን እንጂ የኮሚቴው ድምፅ ሰጪ አባላት በእነዚሁ ተቋማት የሚወከሉ ስለሆኑ፣ መካሪውና የሚመከርበት አካል አንድ ሆነዋል። ከዚህም የሚብሰው የመግቢያና የመውጫ ደንብ አለመኖሩ ነው። ቀድሞ ተቋማቱን በመምረጥ ዋናው ድርሻ የነበረው የኢንተርኔት ባለሙያ ጆን ፖስቴል በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሞት፣ አዲስ የሚያስገባ ወይም የደከመውን የሚያሰናብት ሥልጣን ያለው ሰው አልተተካም። የሰፈራችን እድር እንኳ መዋጮ ያቋረጠ አባል ስንት ወር እንደሚታገሥና ማን እንደሚያሰናብተው በመተዳደሪያ ደንቡ ጽፏል።

ኮሚቴው ራሱ ይህን ጉድለት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው 37ኛ ሰነዱ አምኖ የአስተዳደር ሞዴል ማቅረቡ ያስመሰግነዋል። ሞዴሉን ወደ ሥራ ለመቀየር የተያዘው ውይይት ግን ዓመታት ፈጅቷል። የአይካን ስብሰባዎች ለማንም ክፍት ስለሆኑ፣ የእኛ ባለሙያዎችም ገብተው ይህን ሊጠይቁ ይገባል። እኔ ብሆን የማሰናበቻውን አንቀጽ አስቀድሜ አስጽፍ ነበር፤ የመግቢያውን ለመጻፍ የሚቸኩል አይጠፋም።