ሥራው መሀል ከተማ፣ መኖሪያው ዳር

ማታ 12 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ የቆመ ሰው የአዲስ አበባን የፕላን ችግር ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም። የታክሲው ሰልፍ ይነግረዋል። ጀሞ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ የሚገባው ሕዝብ ሁሉ ቀኑን የዋለው እዚሁ አካባቢ ነው። ሥራው እዚህ ነው፣ አልጋው ግን ከተማው ጫፍ ላይ።

ሰንጋ ተራን እንይ። ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው። ንብ፣ ዘመንና ኅብረት ባንኮችም እዚያው አካባቢ ገንብተዋል። በነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ስንት ቴለር፣ ስንት ጥበቃ፣ ስንት የጽዳት ሠራተኛ አለ? ከነሱ መካከል በእግሩ ቤቱ የሚገባው በጣም ጥቂቱ ነው።

አሁን ተራው የካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተነሥቷል። ካዛንቺስ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን፣ የሆቴሎችና የቢሮዎች ሰፈር ነው። እንጀራ ጋጋሪዋም፣ ልብስ አጣቢዋም፣ ምሳ አቅራቢዋም ከቤታቸው በራፍ ላይ ሥራ ያገኙበት ነበር። የቀበሌ ቤቶቹ ይቆዩ ማለቴ አይደለም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ እንዲህ ኑሩ ብሎ ማንም በማንም ላይ ሊፈርድ አይገባም። መታደስ ነበረበት። ያልተመለሰው ጥያቄ አዲሱ ሰፈር ውስጥ ማን ይኖራል የሚለው ነው።

ከዚህ በፊት ያየነው ተመሳሳይ ነገር ነው። ልደታ ሲታደስ ኮንዶሚኒየም እዚያው ተሠራ፤ ጥሩ ጅምር ነበር። ቅድመ ክፍያው የከበደው ቤተሰብ ግን ቤቱን አከራይቶ ወይም ትቶ ወደ ዳር ሄደ። ለዚህ ነው ለሽያጭ የሚሠራ ቤት ብቻውን አይበቃም የምለው። መሀል ከተማ የሚያስፈልገው፣ መንግሥት ወይም ማኅበር የሚያስተዳድረው፣ ደሞዝተኛ የሚችለው የኪራይ ቤት ነው። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ገርጂ ላይ የኪራይ አፓርታማ ሠርቷል። ስለዚህ ልምዱ አለ፤ የጎደለው ኪራዩን ለዝቅተኛ ደሞዝ የሚመጥን ማድረግና ቦታውን ከሥራው አጠገብ መምረጥ ነው።

«መሬቱ ውድ ነው፣ መሀል ከተማ ለመኖሪያ አያዋጣም» የሚሉ አሉ። እሺ፣ ግን መሬቱን ውድ ያደረገው ማነው? መንገዱም፣ ባቡሩም፣ የውኃ መስመሩም በሕዝብ ገንዘብ የመጡ ናቸው። ደግሞ ሰንጋ ተራ ራሱ መልስ አለው፤ ከመጀመሪያዎቹ የ40/60 ቤቶች (ገዢው 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው) የተወሰኑት የተሠሩት እዚያው ከባንኮቹ አጠገብ ነው። በ2005 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ900 ሺህ በላይ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ግን አብዛኛው ቤት የተሠራው የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ነው። ርካሽ መሬት ፍለጋ የተሄደበትን ርቀት ዛሬ ነዋሪው በየቀኑ በትራንስፖርት ይከፍለዋል። እናት ልጇን ሳይነጋ ጥላ ወጥታ፣ ተኝቶ ታገኘዋለች። ይሄን ወጪ የትኛው የፕሮጀክት ሰነድ ላይ አስልተነው እናውቃለን?

ሌሎች አገሮች ከመሬት ባለቤቶች ጋር ዓመታት ይሟገታሉ። እኛ ዘንድ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ለባለሀብት የሚተላለፈውም በሊዝ ውል ነው። እንግዲያው ውሉ ውስጥ ይግባ። ካዛንቺስ ላይ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሁሉ የተወሰኑ ወለሎችን ለመኖሪያ ይስጥ፣ ከነሱም የተወሰነው በተመጣጣኝ ኪራይ ይሁን። ምድር ቤቱ ለሱቅና ለምሳ ቤት ይተው፤ ቅድሚያውም እዚያው ይሠሩ ለነበሩት ይሁን። ከተማው በራሱ እጅ ባስቀራቸው ቦታዎች ላይ ደግሞ ቀድሞ ቤት ይሥራ፣ ሰው ያስገባ፣ ከዚያ ቀጣዩን ሰፈር ያንሣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሄደው ሰው አይመለስም።

ይሄ ሁሉ መጻፍ ያለበት ግን ፊርማው ከመቀመጡ በፊት ነው። የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ለአዲስ አበባ የንግድ ቦታ ያስቀመጠው ዘመን 60 ዓመት ነው። ዛሬ ለቢሮ ብቻ ተብሎ የሚፈረም ውል የልጅ ልጆቻችንንም እዚያው ሰልፍ ላይ ያቆማል። የከተማው አስተዳደር የካዛንቺስን ዝርዝር ፕላን፣ ስንት መኖሪያ ቤት እንደያዘና ለማን እንደሚከራይ ለይቶ፣ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ለሕዝብ ያሳይ።