ሴት ወደ ጣና ገዳማት አትገባም?

ሰሞኑን ጎጃም ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች ሲመካከሩ፣ «ሴት ወደ ጣና ገዳማት አትገባም፤ ከጀልባ ሳትወርድ ነው የምትመለሰው» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አየሁ። በቅን ልብ የተጻፈ ነው፤ ግን እውነቱ ግማሽ ነው።

በደሴት ላይ ያሉት የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አያስገቡም። የቆየ ሥርዓት ነው፤ ለድርድር አይቀርብም። ወደ ሐይቁ የገባው ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌ፣ ግን ሌላ ነው። እዚያ ወዳለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም ይገባሉ። ነጠላ አጣፍታችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ስትዘልቁ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ከጀልባ ማረፊያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድም በቡና ጫካ ውስጥ ነው፤ እሱን በጥድፊያ ማለፍ ነውር ነው ባይ ነኝ። (በነገራችን ላይ ዘጌ ከባሕር ዳር በመኪናም ይኬዳል።)

አስተያየቱን ተቀብላ ጉዞዋን የሰረዘች እህት ይህ ሁሉ ያመልጣታል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ስትይዙ፣ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት የገዳሙን ስም ጠርታችሁ «እዚህ ሴት ይገባል?» ብላችሁ ባለጀልባውን ጠይቁ። «ገዳማቱን አሳያችኋለሁ» የሚል የደፈና መልስ ከመጣ፣ የትኞቹን እንደሆነ አንድ በአንድ አስቆጥሩት።