የማይተኛን ልጅ በግድ ማስተኛት ለምን?

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በሕፃናት ማቆያ ያለ ልጅ ሁሉ ከምሳ በኋላ መተኛት አለበት ይላል። እኔ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃዋል። ይህ የሌሊቱም የቀኑም ተደምሮ ነው። ሌሊቱን 11 ሰዓት የተኛ ልጅ ቀን እንቅልፍ ባይወስደው ምን ይገርማል? «ዓይንህን ጨፍን!» እየተባለ ሁለት ሰዓት መጋደም ለእሱ ቅጣት ነው። ትንሽ ጋደም ይበል፤ እንቅልፍ እምቢ ካለው መጽሐፍ ወይም ወረቀትና ከለር ይሰጠው። በግድ ካስተኙት ማታ ፍዳዋን የምታየው እናቱ ናት።

ይልቅ ጽሑፉ የዘለላቸው አሉ፤ ከአንድ ዓመት በታች ያሉት። እነሱ ሁሌም በጀርባቸው ነው መተኛት ያለባቸው። ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ። እኛ ጋ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ ፊቱ ሳይቀር በጋቢ ይሸፈናል። በፍቅር ነው የሚደረገው፣ ግን ሕፃኑን ሊያፍነው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. «ሕፃናትን በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ትልቅ ነገር ነው!

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ (ቁጥር 1064/2010) የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ደግ ሥራ ነው። ወላጆች ግን ልጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ልጆቹ ሲተኙ ክፍሉ ውስጥ አብሯቸው የሚቆየው ማነው?