«ግን እሱ ምን ያደርጋል?»

ክርክሩን የጀመረው የሂሳብ ሠራተኛው ነው። ከሥራ በኋላ አልፎ አልፎ የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች ነን። በዚያ ምሽት ገና ወንበሩን ሳይስብ «እኔ ስፖርት የሚባለውን ነገር ትቻለሁ» አለን። አራት ወር ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ማለዳ እየተነሳ ሲራመድና ክብደት ሲያነሳ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ ሚዛን ላይ ሲወጣ የቀነሰው አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ሆነበት። «ገቢና ወጪ ማመሳከር ሥራዬ ነው፤ ይህ ደግሞ ኪሳራ ነው። ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አለ።

ሯጩ ወዳጃችን ወዲያው ገነፈለ። «መቼ ሠራህና ነው የተውከው? በእግር መንሸራሸር ስፖርት ይባላል? ላብህ ካልተንጠፈጠፈ፣ ትንፋሽህ ካልተቆራረጠ ምን ለውጥ ትጠብቃለህ? እኔ ከአንድ ሰዓት በታች ሮጬ አላውቅም!»

መምህሯ በበኩሏ የሁለቱንም ነገር አልወደደችውም። «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። እግሬ አብጦ ቤቴ ስገባ ደግሞ ስፖርት ሥሪ ብትሉኝ አዝንባችኋለሁ።»

ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ጋሼም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ መኪና እንኳን ብዙ ከተነዳ ያልቃል። የቀረችኝን ጉልበት ቆጥቤ መያዝ ነው የሚሻለኝ።»

ነርሷ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ታዳምጥ ነበር። የሁሉንም ትታ ወደ ሂሳብ ሠራተኛው ዞረች።

«ቢሮህ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው አይደል? ደረጃውን አሁን እንዴት ትወጣዋለህ?»

«ድሮ ሁለት ጊዜ አርፍ ነበር፤ አሁን ሳላርፍ እወጣለሁ።»

«እንቅልፍህስ?»

«እንቅልፉማ ተሻሽሏል፤ ሌሊት መባነን ቀርቶልኛል። ግን እሱ ምን ያደርጋል?»

«ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግልህ ፈልገህ ነበር?» አለችው። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ በመራመድ የሚቃጠለው ጉልበት በጥቂት ትርፍ ጉርሻ ተመልሶ እንደሚገባ፣ ሚዛንም ስብና ጡንቻን ለይቶ እንደማያውቅ ነገረችው። የሚሠራ ጡንቻ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞን፣ የኢንሱሊንን፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። የለመደ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ በእረፍት ጊዜ የምቱ ቁጥር ይቀንሳል። የደም ግፊትም ይረግባል። ይህን ሁሉ ሚዛን አያነበውም። በስኳሩ ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ስለማይቆይ መመላለስ የግድ ነው አለችው።

«በሁለት ቀን የሚያልቅ ነገር ምን ይረባኛል?»

«ትናንት ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ ብለህ ዛሬ ሳትተኛ ታድራለህ?»

ለመምህሯ ደግሞ የለንደን አውቶቡሶችን ታሪክ አመጣችላት። ጄረሚ ሞሪስ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት ጥናት ነው። በባለሁለት ፎቆቹ አውቶቡሶች ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ትኬት ቆራጩ በየፈረቃው በመቶዎች የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። በልብ ደም ሥር በሽታ ይበልጥ የተጠቁት ሹፌሮቹ ነበሩ። «ስለዚህ በሥራ ላይ መንቀሳቀስም ይቆጠራል፤ እዚህ ላይ አልተሳሳትሽም። ግን ትኬት ቆራጩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ አንቺ ትቆሚያለሽ። የሚያብጠው እግርሽ የሚፈልገው መራመድን ነው።»

የሂሳብ ሠራተኛው እዚህ ላይ ቀዳዳ ያገኘ መሰለው። «ሹፌሮቹ ከመጀመሪያውም ወፍራሞች ቢሆኑስ?»

«ሞሪስም ይህንኑ ጠይቋል» አለች። ለሠራተኞቹ የተሰፋውን የደንብ ልብስ መዝገብ አስወጥቶ የሱሪያቸውን የወገብ ልክ ተመለከተ። በእርግጥም ሹፌሮቹ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ነገር ግን ቀጭኑ ከቀጭን፣ ወፍራሙ ከወፍራም ጋር ሲነጻጸርም ትኬት ቆራጩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

የሂሳብ ሠራተኛው መልስ አልሰጠም። ጋሼ ግን ገና አልተረቱም ነበር።

«ለእኔ ዘመኑ አልፏል፤ ይህ ሁሉ የወጣት ነገር ነው» አሉ። ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መለሰችላቸው። «ጋሼ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት የሃያ ዓመት ወጣቶች ለጥናት ብለው ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ተኙ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች ተመልሰው ተመረመሩ። የሦስት ሳምንቱ መኝታ ከሠላሳው ዓመት እርጅና የበለጠ አቅማቸውን ጎድቶት ነበር። ደግሞም በሃምሳ ዓመታቸው ስድስት ወር ቀስ በቀስ ሲለማመዱ ሰውነታቸው ኦክሲጅን የሚጠቀምበት አቅም ወደ ወጣትነታቸው ልክ ተመለሰ።»

«ሃምሳ ዓመትማ ልጅነት ነው» አሉ።

«እንግዲያውስ ዘጠና ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናት፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆናቸው ደካማ ሰዎች ለስምንት ሳምንት እግራቸውን በክብደት አሠሩ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። እርስዎ ከወንበርዎ ሲነሱ በእጅዎ ባይደገፉ፣ ያንኑ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢደጋግሙት ለመጀመሪያው ይበቃል። ጉልበትዎን ካመመዎት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።» ጋሼ ዝም አሉ፤ እጃቸው ግን ከወንበሩ ክንድ ላይ ተነስቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የእኔን ፍርድ ልናገር። የጋሼ ስህተት ምሳሌው ላይ ነው። መኪና በመነዳት ያልቃል፤ አጥንትና ጡንቻ ግን ሸክም ሲቀርላቸው ይሳሳሉ። አክስቴን «ትረፍ» እያልን፣ ውኃ እንኳን ራሷ እንዳትቀዳ እያደረግን በፍቅር አልጋ ላይ ያዋልናት እኛው ነን። በዓመቱ ያለ ደጋፊ መነሳት አቃታት። ያ ቁጭት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሯጩን ግን ከሁሉም በላይ እቃወመዋለሁ፣ ምንም እንኳን በሰውነቱ ከሁላችንም የተሻለው እሱ ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች ያወጣው ምክር በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን ማሠራት ነው። መካከለኛ ማለት እየተነጋገሩ ሊሠሩት የሚችሉት፣ እየዘፈኑ ግን የማይችሉት ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መሆን አለበት የሚለው የቀድሞው ቅድመ ሁኔታም ተነስቷል። ለአምስት ደቂቃ የሚራመደውን ሰው «ይህ ስፖርት አይባልም» ብሎ ማሳፈር ከነጭራሹ ወደ ወንበሩ መመለስ ነው።

የሂሳብ ሠራተኛውስ? ስለ ኪሎው እውነቱን ተናግሯል፤ በእንቅስቃሴ ብቻ ብዙ ክብደት የሚቀንስ ሰው ጥቂት ነው፤ ይቀንሳል ብለው ተስፋ የሰጡት ሰዎች በድለውታል። የተሳሳተው መዝገቡ ላይ ነው። ደረጃውን ሳያርፍ መውጣቱን፣ ሌሊቱን መተኛቱን «ምን ያደርጋል» ብሎ ከገቢው ውስጥ አልጻፈውም። ስንለያይ ይህንኑ ነገርኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥቂት ቢያጣም የአራት ወሩ አብዛኛው ድካም ገና ከእሱ ጋር እንዳለ፣ ነገ ቢነሳ ከዜሮ እንደማይጀምር አስረዳሁት። ሚዛኑን ለጊዜው ከአልጋው ሥር እንዲያስገባውና በምትኩ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹን እንዲያዳምጥ ለመንኩት። «አስብበታለሁ» አለኝ፤ የእጅ ሰዓቱን የማንቂያ ደወልም ወዲያው መነካካት ጀመረ።