«ኮፊ» ከከፋ አልመጣም

ሰፈሬ ባለች ትንሽ ቤት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ ከረከቦቷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ጽሑፍ ለጥፋለች፦ «ኮፊ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከከፋ የመጣ ነው»። እኔም ይህንኑ ለስንት የውጭ አገር እንግዳ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬአለሁ። አሁን ግን ብንተወው ይሻላል ባይ ነኝ።

የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃሉን ያገኙት ከቱርኩ «ካህቬ» ነው። ቱርኮቹ ደግሞ ከዐረቡ «ቀህዋ» ወስደው፣ «ው»ን «ቭ» አደረጉት። «ህ» እና «ቭ» ጎን ለጎን መጥራት ለጣልያኑም ለደቹም አፍ አልተመቸምና «ፍ» ሆኖ ቀረ። እኛን ያሳሳተን ይህ «ፍ» ነው። ዐረብኛው ቃል «ቀህዋ» ላይ «ፍ» የለም። ከዚያም በላይ «ቀህዋ» ቡና በዐረቦች ዘንድ ከመታወቁ በፊት የወይን ጠጅ መጠሪያ ነበር። ቃሉ ከመጠጡ ቀድሞ እዚያው ከነበረ፣ ከከፋ ተሻገረ ለማለት ከድምፅ መመሳሰል የተሻለ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ከፋዎችን ራሳቸውን ብንጠይቅስ? ቡናን የሚጠሩት «ቡኖ» ብለው ነው። በኦሮምኛም በአማርኛም «ቡና» ነው፤ ሶማሌው «ቡን» ይላል። ዐረቡም ቢሆን የፈላውን «ቀህዋ» ይበል እንጂ ፍሬውን «ቡን» ነው የሚለው። ባሕር የተሻገረ ስም እንፈልግ ከተባለ እኔ የምከተለው የዚህን ፍሬ ዱካ ነው። የከፋ ክብር በጫካው ውስጥ ባለው የዱር ቡና ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ድጋፍ አያሻውም።

መቆጨት ካማረን የሚያስቆጭ ሌላ ስም አለ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ በ1753 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ መዘገበው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ያበቀለው ተክል በዐረብ አገር ስም ተጠምቆ ቀረ። ዛሬ የእኛው ላኪዎች ሳይቀሩ «አረቢካ» እያሉ ይሸጡታል፤ ማንም ቅር ሲለው አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ልነግራት አስቤ ነበር። ከበሯ በላይ ቀና ስል በትልልቅ ፊደል «ካፌ» ተብሎ ተጽፏል፤ ያው «ቀህዋ» አውሮፓን ዞሮ ሰፈራችን ገብቷል። እሷ ግን ከውስጥ ሆና «ጋሼ፣ ቡናው ደርሷል» አለችኝ።