ማስተካከያ፦ «ሲፎን» ስለሚለው ቃል

ከእጅ መታጠቢያ ገንዳ ሥር ስለሚገጠመው ጠማማ ቧንቧ ቀደም ሲል ባቀረብሁት ጽሑፍ «ሲፎን» በመነሻው የጣሊያንኛ ቃል እንደሆነና ትርጉሙም «የቆሻሻ ማጣሪያ» እንደሆነ ገልጬ ነበር፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው። የሥርወ ቃል መዛግብት እንደሚያስረዱት ቃሉ የጥንት ግሪክኛ ሲሆን ፍችው «ቱቦ» ነው፤ የጣሊያንኛው «ሲፎኔ» ራሱ በላቲን በኩል ከዚያው የተወረሰ ነው።

በጥብቅ ትርጉሙ ሲፎን ፈሳሽን በመያዣው ጠርዝ ላይ አሻግሮ ዝቅ ወዳለ ቦታ የሚያወርድ ቱቦ ሲሆን፣ የጥንቱ ግሪካዊ መሐንዲስ የእስክንድርያው ሄሮን በ1ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አሠራሩ ጽፏል። በቤታችን ያለው ጠማማ ቧንቧ ግን ጥቂት ውኃ በጉብጠቱ አቁሮ የፍሳሽ መስመሩን ሽታ የሚያግድ ነው። የሚገርመው፣ ይህ ቧንቧ ስሙ እንደሚለው እውነተኛ ሲፎን ሆኖ ውኃውን በሙሉ ስቦ ካስወጣ ሥራው ይበላሻል።

በዚህም ምክንያት «ማጣሪያ» በሚለው ፍች ተመርቼ፣ በጉብጠቱ የሚቀረው ውኃ ተጠርጎ እንዲወጣ የሰጠሁት ምክር ተሰርዟል። ውኃው እዚያው መቆየት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ገንዳ ሽታ ካመጣም፣ ውኃው ተንኖ ሊሆን ስለሚችል፣ በቅድሚያ ጥቂት ውኃ ማፍሰስ ተገቢ ነው።